ከሑስና የሚበልጥ ፓኬጅ

እልፍነሽ ቅናት የሚባል ነገር መደበቅ አትችልበትም። ስትቀና አፍንጫዋ ይቀላል፣ ሰላምታዋ ያጥራል፣ ነጠላዋን ያለ ምክንያት ደጋግማ ታጣፋለች። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ሶደሬ ፍል ውሃው ዘንድ ፎጣና አንሶላ ስታጥብ የኖረች ሴት ናት። አብረዋት የሠሩ ሰዎች ዛሬም ስሟ ሲነሳ የሚያወሩት ስለ አጠባዋ አይደለም። አንድ ቀን ጠዋት አለቃቸው ባልደረባዋን ሸዋወርቅን ከእሷ ቀድሞ «እንደምን አደርሽ» ስላላት እልፍነሽ እስከ ምሳ ድረስ ከማንም ጋር ሳትነጋገር መዋሏን ነው። በባሏ በአቶ ጆቴም ትቀና ነበር። በሴት ቢሆን እኮ የአባት ነው፤ እሷ የምትቀናው በሚነዳት አሮጌ አይሱዙ ነበር። «ለእሷ ጎማ ስትቀይር ለእኔ ጫማ መች ቀየርክልኝ?» እያለች ሰውየውን ቁም ስቅሉን ታሳየው ነበር። ጆቴ ሲሞት አይሱዙዋ ተሸጠች፤ ቅናቷ ግን የሚሸጥ አልነበረምና ሁሉንም አንድ ላይ ሰብስባ በአንድ ልጇ በቶኩማ ላይ አሳረፈችው።

ቶኩማ ቦረና ውስጥ የጉድጓድ ውሃ መቆፈሪያ ማሽን መካኒክ ነው። የሚሠራበት ቦታ ኔትወርክ የለም፤ እሑድ እሑድ ዕቃ ሊገዛ ያቤሎ ከተማ ሲገባ ነው ስልኩ የሚሠራለት። ስለዚህ የእልፍነሽ ሳምንት የተሠራው ለአንድ ከሰዓት በኋላ ነው። እሑድ ቅዳሴ ሰምታ ትመለሳለች፣ ምሳዋን ትቀምሳለች፣ ከዚያ ባለ ቁልፍ ስልኳን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ትጠብቃለች። ሲደውል ታዲያ እንዲህ ትላለች፦ «ደህና ነህ? በላህ? ጤናህስ? ሙቀቱስ? በል በል፣ እንዳይቆጥርብህ፣ ደህና ሁን!» ከዚያ ትዘጋለች። ልጁ «እኔ እኮ...» ብሎ የጀመረው ነገር እዚያው ያቤሎ ይቀራል።

በዚህ ሰው ሊስቅባት አይገባም። እልፍነሽ ስልክ ማውራትን የተማረችው ቴሌ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ተሰልፋ፣ ስሟ ሲጠራ ሳጥን የምታህል ክፍል ገብታ፣ ከኋላዋ የተሰለፈው ሰው እየተቁነጠነጠ ነው። በእሷ ትምህርት ስልክ ላይ መቆየት የሰውን ገንዘብ ቁጭ ብሎ እንደ መብላት ነው። የምትወደው ሰው ሲደውልልህ ቶሎ ትዘጋለታለህ። እንግዲህ ቶኩማን ከሁሉ አስበልጣ ስለምትወደው የምትዘጋውም ከሁሉ ቀድማ ነበር።

ጎረቤቷ ሑስና ግን ሌላ ሴት ናት። ከወሎ መጥታ አዳማ ከከተመች ብዙ ዘመኗ ነው፤ ገበያ ላይ ቅመማ ቅመም ትነግዳለች፤ ትልልቆቹ ወንዶች ልጆቿም አንዱ ሻሸመኔ አንዱ አዲስ አበባ ያንኑ ንግድ ይዘዋል። በሁለቱ ሴቶች ግቢ መካከል ያለው የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው። ቶኩማ ሕፃን ሳለ እልፍነሽ ሶደሬ ስትውል ሑስና ናት ምሳ የምታበላው፤ እስካሁንም «እማ ሑስና» ነው የሚላት። ይሄ «እማ» የሚለው ቃል እልፍነሽን ድሮም ይቆጠቁጣት ነበር፤ የውለታ ነገር ሆኖባት ዝም አለች እንጂ። ከዚያ በላይ የሚቆጠቁጣት ደግሞ የሑስና ስልክ ነበር። ከጠዋት እስከ ማታ ይጮኻል። «ምን ያለች የታደለች ናት፣ ልጆቿ ጆሮዋን እንኳ አያሳርፏት!» ትላለች እልፍነሽ ለብቻዋ፤ አፍንጫዋ ይቀላል።

አንድ እሑድ እልፍነሽ እንደ ልማዷ ቶኩማን አናግራ፣ ማለትም ዘግታበት፣ ያጠበችውን ልብስ አጥሩ ሥር ታሰጣለች። ከማዶ የሑስና ስልክ አንዴ ጮኸና ቀጥ አለ። ትንሽ ቆይቶ የሑስና ድምፅ መጣ።

«ቶኩማዬ! እንዴት ነህ የኔ ጌታ?»

እልፍነሽ እርጥቡን አንሶላ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ቶኩማ? የእሷ ቶኩማ? በከተማው ሌላ ቶኩማ ሞልቷል ብላ ራሷን ልታታልል ሞከረች፤ ሑስና ግን ቀጠለች፦ «ማሽኑ ተሠራ እንዴ? ... ሂድ! ... ወላሂ በል! ... አንተ ልጅ ልታስቀኝ ነው!» አለች፣ ሳቀችም። አንሶላው በእልፍነሽ ክንድ ላይ ይንጠባጠባል። ያወራሉ፣ ያወራሉ። የአዳማ ፀሐይ ልብስ ለማድረቅ ብዙ የምትቆይ ባትሆንም፣ ሑስና «በል ደህና ዋል» ስትል ገመዱ ጫፍ ላይ የተሰጣው ቀሚስ እጥፍ ተደርጎ የሚገባ ሆኖ ነበር።

የዚያን ሳምንት እልፍነሽ እንቅልፍም ምግብም እንቢ አላት። ለእኔ «ደህና ነሽ» ለእሷ ወግና ጨዋታ! ሑስና በማግስቱ እንደ ወትሮዋ ትኩስ አምባሻ በሰሃን ይዛ ብትመጣ፣ እልፍነሽ ቆርሳ ቀመሰችና «ጨው አልበዛበትም?» አለቻት። አልበዛበትም ነበር።

«ምን ሆነሽ ነው እልፌ?» አለች ሑስና።

«ምን እሆናለሁ? እኔ እንደ ሰው ስልክ ይዤ ስስቅ የምውል ሴት አይደለሁ።»

«ኧረ አንቺም ፓኬጅ ግዢና ሳቂ! ማን ከለከለሽ?» አለች ሑስና እየሳቀች፤ ሰሃኗንም ትታላት ሄደች።

እልፍነሽ ሌሊቱን ያቺን ቃል ስታኝክ አደረች። ፓኬጅ! ለካ ነገሩ ይሄ ነው። ልጄ ሑስናን ወዶ አይደለም፤ ሑስና ፓኬጅ አላት፣ ደውላ ደውላ ልጄን ወሰደችብኝ። ሰው ልጅን በጡት ያሳድጋል፣ ሌላው በፓኬጅ ይወስደዋል። እንግዲያው እኔም እገዛለሁ፤ የምገዛው ደግሞ ከእሷ የሚበልጠውን ነው።

በማግስቱ ባጃጅ ይዛ ፍራንኮ አካባቢ ወዳለው የምልኬሳ ሱቅ ሄደች። ምልኬሳ ፀጉሩ የሸበተ፣ ስልክ የሚሸጥና የሚጠግን፣ ሽማግሌ ሁሉ የሚያምነው ሰው ነው።

«አካም ጅርቱ ሃርሜ? እንዴት ነዎት እናቴ? ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

«ነጋ፣ ነጋ፤ ደህና ነኝ። ፓኬጅ ስጠኝ።»

«እሺ፤ ምን ዓይነት ነው የሚፈልጉት?»

«ሑስና ከያዘችው የሚበልጥ።»

ምልኬሳ ሳቁን በሳል ሸፈነው። «እናቴ፣ ፓኬጅ እኮ እንደ ጋቢ አይደለም፤ ትልቁ ሁሉንም አያሞቅም። መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ስንት ሰው ጋ ነው የሚደውሉት?»

እልፍነሽ የምትደውልለት ሰው ልጇ ብቻ ነበር። እሱንም ቢሆን እሱ ነው የሚደውለው። ግን የሑስና ስልክ ጩኸት በጆሮዋ አለና «ኧረ አገር ምድሩ ጋ!» አለች። ውሸቱ ለራሷም ደስ አላት።

«የሚደወልልዎት አይከፈልበትም፤ እርስዎ የሚደውሉት ነው የሚቆጠረው። ስልክዎ ደግሞ ባለ ቁልፍ ስለሆነ ኢንተርኔት ያለበትን አይግዙ፤ የማይጠቀሙበትን መክፈል ነው። ድምፅ ብቻ ያለበት ይበቃዎታል። የቀን አለ፣ የሳምንት አለ፣ የወር አለ። የቀኑን ቢገዙ በነጋታው ይሞታል፤ ሽማግሌ ደግሞ ቀኑን ይረሳል። ያልተገደበ የሚባለው ቀኑን ሙሉ ለሚደውል ነጋዴ ነው። በእኔ ምክር፣ ለአንድ ለሁለት ሰው የሚደውል ሰው ትንሿን የሳምንት ይግዛና ይሞክር። ካነሰው በሚቀጥለው ከፍ ማድረግ ይችላል።»

«ሑስና የገዛችው የቱን ነው?»

«እሱን እሷ ትንገርዎ እንጂ...»

«የሳምንት ነው አይደል?»

ምልኬሳ ጠረጴዛውን መጥረግ ጀመረ። ይሄው በቃት።

«የወር ስጠኝ።»

«ደቂቃው ይተርፍዎታል እናቴ። የተረፈው ደግሞ ወሩ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል።»

«ይትረፈኛ! የእኔ ነገር መቼ ተርፎ ያውቃል? አንዴ ይትረፈኝ።»

ምልኬሳ ስልኳን ተቀብሎ ኮከቡንና መሰላሉን ነካክቶ የወር የድምፅ ፓኬጅ ሞልቶ መለሰላት። መልእክቱ ሲገባ ስልኳ ጭኗ ላይ ተንቀጠቀጠ። እልፍነሽ ወደ ቤቷ ስትመለስ ባጃጅ ውስጥ ስልኳን ይዛ የነበረው እንደ ሎሚ ጨምቃ ነው። ሑስናን በር ላይ ስታገኛት ከዚያ እሑድ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ሰላምታ ሰጠቻት፤ የበላይ ሰው ቸር ነዋ።

እሑድ ደረሰ። ቶኩማ እስኪደውል አልጠበቀችም፣ ራሷ ደወለች።

«እማ! ምነው፣ ምን ሆንሽ?» አለ ደንግጦ፤ እሷ ደውላለት አታውቅማ።

«ምንም አልሆንኩ። ደህና ነህ? በላህ? ጤናህስ? ሙቀቱስ?»

«ደህና ነኝ። እማ፣ እንኳን ደወልሽ፣ አንድ ነገር...»

«በል በል፣ እንዳይቆጥርብህ፣ ደህና ሁን!»

ዘጋችው። አፏ ነው የዘጋው፣ እሷ አይደለችም። ያቺ ቃል ሳትጠራ መጣች፣ ጣቷም ተከተላት። የሚቆጥረው በእሷ ላይ ነበር፤ የሚቆጥረውም ቀድሞ የተከፈለበት ነበር። እልፍነሽ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ስልኩን አየችው። አንድ ወር ሙሉ የሚያስወራ ደቂቃ ይዛ የምታወራው የላትም፤ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው።

እንደገና ልትደውል ቁልፉን ስትፈልግ ከማዶ የሑስና ስልክ አንዴ ጮኸና ቀጥ አለ። አሁን ገባት፤ ሚስኮል ነው። ልጇ ነው ሚስኮል የሚያደርግላት፣ ሑስና ናት መልሳ የምትደውልለት። እልፍነሽ እየተጣደፈች ደወለች። «የደወሉላቸው ደንበኛ በሌላ መስመር ላይ ናቸው» አለቻት ያቺ የማታፍር የማሽን ሴትዮ። ሌላ መስመር! ሌላው መስመር አጥሩ ማዶ ነው! ደሟ ፈላ። ጫማዋን ሳትቀይር፣ በነጠላ ጫማ፣ ወጥታ የሑስናን በር ገፋችው።

ሑስና ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብላ በርበሬ ትቀነጥሳለች። እጇ በርበሬ ስለሆነ ስልኩን ድምፁን ከፍታ አጠገቧ አስቀምጣዋለች። ጀርባዋ ወደ በሩ ነው፤ እልፍነሽን አላየቻትም። የቶኩማ ድምፅ ግቢውን ሞልቶታል።

«...አንቺው ንገሪያት እማ ሑስና። እኔ ገና ስጀምር ትዘጋብኛለች። ዛሬም ዘጋችብኝ።»

«ይሄንን እኔ አልነግርም» አለች ሑስና። «እናትህን አታውቃትም? ይሄን ከሌላ ሰው አፍ ከሰማች ዘላለም አይወጣላትም።»

«ምኑን ነው የማልሰማው?» አለች እልፍነሽ።

የሑስና እጅ በርበሬው ላይ ቆመ። ከዚያ «እማ? አንቺ ነሽ?» አለ ቶኩማ።

«እኔ ነኝ! እናትህ! ካስታወስከኝ ማለቴ ነው።»

«እማ፣ ተረጋጊ። ስለ ጋዲሴ ነው።»

ጋዲሴ! በሑስና ስትቃጠል ከጀርባዋ ሌላ ሴት ኖራለች! እልፍነሽ አንዴ ሑስናን፣ አንዴ ስልኩን አየች። የምትሰድበው ብዙ ነበራት፤ ከሁሉ ቀድሞ የወጣው ግን ይሄ ነበር፦

«ዝጋው! በሰው ስልክ ልጄን አላናግርም። እኔም ፓኬጅ አለኝ፣ የወር!»

ቤቷ ገብታ በሯን ዘጋችና ደወለች።

«እማ፣ እባክሽ እንዳትዘጊ» አለ ቶኩማ ገና ሲያነሳ።

«ደህና ነህ? በላህ?» አለች፤ ቀሪው ደግሞ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ከንፈሯን ነከሰች። ዝም ማለት እንዲህ ከባድ ይሆናል ብላ አስባ አታውቅም።

ቶኩማ እየፈራ ጀመረ። ጋዲሴ ያቤሎ አስተማሪ ናት። ሊያገባት እንደሚፈልግ ከፋሲካ በፊት ጀምሮ ለእናቱ ሊነግራት ሞክሯል። የጋዲሴ ቤተሰቦች ሽማግሌ ይጠብቃሉ፤ እሱ ግን እናቱ ሳትሰማ ሽማግሌ አልልክም ብሏል።

«እና ለሑስና ነገርክ» አለች እልፍነሽ። ከሙሽራዋ ይልቅ ይሄ ነበር የሚያቃጥላት። «እኔ የወለድኩህ እያለሁ። እሷ ምን አላት እኔ የሌለኝ?»

«አባዬ ከሞተ በኋላ፣ ከአርባው ወደ ሥራ ስመለስ፣ አንድ ቀን ደውዬልሽ አለቀስኩ። ታስታውሻለሽ?»

አስታወሰች።

«'በል አታልቅስ፣ ገንዘብህን አትጨርስ' ብለሽ ዘጋሽብኝ። መንገድ ላይ ነበርኩ፤ የሚያውቀኝ ሰው የለም። ፓኬጅ እንዳላት ስለማውቅ ለእማ ሑስና ሚስኮል አደረግኩላት። ልቅሶዬ እስኪያባራ ድረስ አልዘጋችም። ከዚያ ለመድኩ።»

«እኔ እኮ ለአንተ ብዬ ነው! እንዳይቆጥርብህ!»

«አውቃለሁ እማ። ገንዘቡ ግን ነበረኝ። የፈለግኩት አንቺን ነበር።»

እልፍነሽ አለቀሰች። ቶኩማም ዝም ብሎ ሰማት፤ አልዘጋባትም። ልቅሶዋ ሲበርድ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠረገችና «ቆንጆ ናት?» አለች።

«ናት።»

«ስልክ ላይ ብዙ ታወራለች?»

«እማ!»

«መልስልኝ እንጂ! ከእኔ የበለጠ ታወራለች?»

ቶኩማ ሳቀ። እልፍነሽ ልጇን ስልክ ላይ ስታስቅ የመጀመሪያዋ ነበር። የሥራ መኪናው መጥቶ ጥሩንባ እስኪነፋበት ድረስ አወሩ፤ ሽማግሌ የሚሆኑት እነማን እንደሆኑ፣ ጋዲሴ የማን ልጅ እንደሆነች፣ የእልፍነሽ ጉልበት ጠዋት ጠዋት እንደሚይዛት ሳይቀር።

ለሑስና ግን ይቅርታ አልጠየቀቻትም። አምባሻው ጨው እንዳልበዛበት ማመን ራሱ አንድ ሳምንት ፈጀባት። ሑስናም አልወቀሰቻትም፤ «ቅናትሽን ስለማውቅ ነው ሳልነግርሽ የቆየሁት» አለቻት ብቻ።

በሚቀጥለው እሑድ እልፍነሽ ስልኳን ይዛ ወጥታ ሆን ብላ አጥሩ ሥር በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ድምጿንም ሆን ብላ ከፍ አደረገች። «ሂድ! አንተ ልጅ! ልታስቀኝ ነው!» አለች፣ ልክ እንደ ሑስና። ደስ አላት፤ ውሸት ምን ያደርጋል፣ በጣም ደስ አላት። ወሬው መካከል ማዶ የሑስና ስልክ ጮኸ። እልፍነሽ ጆሮዋን ጣል አደረገች።

«ኮረሪማው ተጫነ? ... አዎ። በርበሬው አልገባም። ... እሺ፣ ነገ።» አበቃ። ደግሞ ጮኸ። «ጭነቱ አልመጣም አልኩህ እኮ። እሺ።» አበቃ። ሻሸመኔ ያለውም አዲስ አበባ ያለውም የጠየቁት ስለ ጭነት ነበር። እልፍነሽ ስንት ዓመት ሙሉ የቀናችበት የስልክ ጩኸት ይሄ ነበር፤ «እንዴት አደርሽ» የሚል እንኳ የለበትም።

በቆርቆሮው ስንጥቅ ተመለከተች። ሑስና ምንጣፏ ላይ ቁጭ ብላ ስልኩን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ታየዋለች። በርበሬ አትቀነጥስም። ከዚህ በኩል እልፍነሽ በቶኩማ ቀልድ ስትስቅ ሑስና ቀና አለች፤ አፍንጫዋ ቀላ፣ ሻርፗን ያለ ምክንያት ጠቀለለች፣ ከዚያ ወደ ማዶው ዞራ ተቀመጠች። እልፍነሽ ያንን ፊት ለማወቅ መስታወት አላስፈለጋትም።

«ቶኩማ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«አቤት።»

«ለሑስና ሚስኮል አድርግላት።»

«አሁን? ገና እያወራን?»

«አሁን። ስትደውልልህ ስለ ጋዲሴ ንገራት፣ ስለ ማሽኑም ንገራት። አስቃት።» ከዚያ ደግሞ «ግን ከእኔ ጋ ካወራኸው እንዳይበልጥ!» አለች።

ዘጋችው። ትንሽ ቆይቶ ከማዶ ስልኩ አንዴ ጮኸና ቀጥ አለ፤ «ቶኩማዬ!» የሚለው የሑስና ድምፅ ተከተለ። እልፍነሽ በርጩማዋን ወደ ቆርቆሮው አስጠጋች፣ ጆሮዋን ለጠፈች፣ እና ስንት ደቂቃ እንደሚያወሩ መቁጠር ጀመረች።